ቃል ሲላላና ሲጠብቅ

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል መግጠም ለምዳችሁ፣ አሁን ሙሉ ገጽ ወደ ማንበብ ደርሳችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው በቃልና በስም ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር ትርጉም ነው። ይህ ጽሑፍ በንግግር የቀረበ ስለሆነ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ያዳምጥ። ዓይን ብቻውን ነገሩን አያገኘውም። ለምን እንደማያገኘው ወደ ኋላ ይታያችኋል።

በቃል መጫወት ለእናንተ አዲስ ትምህርት አይደለም። «እንቆቅልሽ» ሲባሉ «ምን አውቅልሽ» እያሉ ያደጉ፣ መልሱ ሲጠፋባቸው አገር የሰጡ ሰዎች ናችሁ። ስንቱ ልጅ በአንድ ምሽት ጎንደርንና ደብረ ታቦርን ሰጥቶ ተኝቷል! በለቅሶ ቤትም አልቃሿ ሟቹን እያነሣች፣ በዚያው ቃል ከዳር የቆመውን ስስታም ዘመድ ስትወጋው ሰምታችኋል። ገሚሱ ሕዝብ ያለቅሳል፤ ገሚሱ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቁን ይይዛል። አዝማሪውም ማሲንቆውን እየገዘገዘ ባለጸጋውን ያወድሳል፤ ባለጸጋው ተመሰገንኩ ብሎ ብር ይሸልመዋል፤ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ግን ስድቡን ለይቶ ሰምቷል። ከበሽሎ ማዶ፣ በወሎ፣ መንዙማ የሚያዜሙ ሰዎችም ይህን ጥበብ አሳምረው ያውቁታል።

ይህ አነጋገር ሰምና ወርቅ ይባላል። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይሠራዋል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል፤ ያን ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይፈስና በጭቃው ውስጥ ባዶ ቦታ ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስበታል። ወርቁ ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ጌጡም ይወጣል። እንግዲህ በንግግርም ጆሮ ቀድሞ የሚሰማው ትርጉም ሰም ነው፤ በውስጡ የተሸሸገው ወርቅ ነው። ሁለቱን ትርጉም በአንድ ላይ የተሸከመው ቃል ደግሞ ኅብር ይባላል።

የሰው ግጥም ከመዋስ ብለን ለዚህ ጽሑፍ ሁለት ስንኝ እኛው ገጥመናል። ስማዳ በአንድ ወገን ከአባይ፣ በሌላው ወገን ከበሽሎ እንደሚዋሰን ታውቃላችሁ። እንግዲህ ከአባይ በላይ፣ ከአፋፉ ላይ የሚኖር አንድ ገበሬ እንዲህ አለ እንበል፤

ቤቴን ካፋፍ ሠራሁ እንቅልፍም የለኝም፣
አባይ ነው ጎረቤት ሌትም ዝም አይልም።

ሰሙ ግልጽ ነው። ገበሬው ቤቱን ከወንዙ አጠገብ ሠርቷል፤ ወንዙ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ እንቅልፍ ይነሣዋል። ወርቁስ? «አባይ ጠንቋይ» ሲባል ሰምታችሁ የለም? አባይ ማለት ውሸታም ማለትም ነው። ስለዚህ ገበሬው ወንዙን እያማረረ ሐሜተኛ ጎረቤቱን ማማቱ ነው። ጎረቤቱ ቢሰማና «እኔን ነው ወይ?» ብሎ ቢቆጣ «ኧረ ወንዙን ነው የኔ ወንድም!» ብሎ ያመልጣል። የሰምና ወርቅ አንዱ ጥቅም ይህ ነው፤ ደካማው ኃይለኛውን ሲናገር መሸሸጊያ ይሆነዋል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይህ ጥበብ ቅኔ ሆኖ በግዕዝ ይዘረፋል። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ከዚያ እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። እያንዳንዱ ቅኔ አንዴ ከተባለ ዳግመኛ ለሌላ በዓል አይደገምም፤ ባለ ቅኔው ለሚቀጥለው በዓል አዲስ ማምጣት አለበት። ሥራው ከባድ ነው። ነገር ግን የተማሪው ሆድ የሚሞላው በቅኔ አይደለም፤ በእናንተ ቤት ደጃፍ ነው። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ስንት ዓመት ሰምታችኋል! እንጀራውን ትሰጣላችሁ፤ ቃሉን ግን ብዙ ሰው አይመረምረውም። «በእንተ» በግዕዝ «ስለ» ማለት ነው። «ስማ» ደግሞ «ስሟ» ማለት ነው። ስለ ማርያም ስም ስጡኝ ማለቱ ነው። በአማርኛ ጆሮ ግን «ስማ» ሲባል «አድምጥ» ማለት ነው። ልጁ በግዕዝ ስሟን ይጠራል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው በአማርኛ «ስማኝ» እንደተባለ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ትክክል ነው። የራበው ልጅ በር ላይ ቆሞ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?

«ስማ»ን ካነሣን አይቀር ወደ አገራችን ስሞች እንሻገር። ስማዳ በሚለው ስም ውስጥ «ስማ» ቁጭ ብላለች። እስቴም «እስቲ» ልትል ጥቂት ነው የቀራት። እስቴና ስማዳ ጎረቤት ናቸው፤ ጎን ለጎን ስትጠሯቸው «እስቲ ስማ» ያሉ ይመስላል። ይህ ግን ጨዋታ ነው፤ ታሪክ ብላችሁ እንዳትይዙብን። ስም እየሰነጠቁ የአገር ታሪክ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ እኛ አያሳምነንም። ቃል ተሰንጥቆ ትርጉም ስለ ሰጠ ብቻ ያ ትርጉም የስሙ ምክንያት አይሆንም።

አንዳንዱ ስም ደግሞ ምንም አይደብቅም። ነፋስ መውጫ ላይ የቆመ ሰው ትርጉም አይጠይቅም፤ ጋቢውን አጥብቆ ይይዛል። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንትም እንዲሁ ናቸው። ግልጽ የሚመስለው ሁሉ ግን ግልጽ አይደለም። የታች ጋይንቱን አርብ ገበያ ውሰዱ። ዓርብ የገበያ ቀን ነው፣ አለቀ፣ ትሉ ይሆናል። ቃሉ ራሱ ግን «ዐረበ» ከሚለው ግዕዝ ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው፤ ዐረበ ማለት ፀሐይ ገባ፣ መሸ ማለት ነው። ምዕራብም ከዚያው ይወጣል፤ ፀሐይ የምትገባበት ማለት ነው። የእስቴው መካነ ኢየሱስ ደግሞ ያልተማረን ሰው ያሳስታል። በአማርኛ መካን የማትወልድ ሴት ናት። በግዕዝ ግን መካን ቦታ ማለትም ነው፤ መካነ ኢየሱስ ማለት የኢየሱስ ቦታ ማለት ነው። መካነ መቃብር ስንልም የመቃብር ቦታ ማለታችን ነው። ማኅደረ ማርያምን ታውቃላችሁ፤ የማርያም ማደሪያ ማለት ነው። ይኸው ቃል ዛሬ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገብቶ የወረቀት ማደሪያ ሆኗል። «ማኅደርህ ጠፍቷል» ስትባሉ የጠፋው ጉዳያችሁ የተጻፈበት ወረቀት ያደረበት ክላሴር ነው። ቃሉ ከቅዱስ ቦታ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ መዋሉ እኛን ሁልጊዜ ያስቀናል፤ መጥፋቱ እንኳ ባልነበረ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ቤተልሔምን የሚያህል የለም። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ አገር ናት። በየትም የተማረ የድጓ መምህር ምስክር ለመሆን ወደዚያ ይመጣ እንደነበረ አባቶች ይናገራሉ። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት አለች፤ እሷም ቤተልሔም ትባላለች። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ስሙን ስትጠሩት የኖራችሁት በውስጡ እንጀራ እንዳለ ሳትሰሙ ነው።

የጋይንቷ ቤተልሔም ራሷም ሰምና ወርቅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት ከእንግሊዝ አገር መጥቶ በእነዚህ ተራሮች በበቅሎ ሲዞር ወደዚያ ደረሰ። ከውጭ ያየው ክብ፣ የሣር ክዳን ያለው፣ እንደ ሌሎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ያለ ሕንፃ ነው። ሲገባ ግን በክቡ ቤት ውስጥ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አገኘ፤ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ ማዕዘን ያለው፣ በመካከለኛው ዘመን የታነጸ ጥንታዊ ሕንፃ። እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን ጻፈና የውጭ ሊቃውንት ጉድ አሉ። «አገኘ» የሚባለው ግን ለእነሱ ነው። በየቀኑ እየገቡ የሚቀድሱት ካህናት፣ ሣሩን የሚከድነው ገበሬ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ጠፍቷቸው አያውቅም። ሰሙን አይቶ የሚመለስ እንግዳ ነው፤ ወርቁን ባለቤቱ ያውቀዋል።

የሰው ስም ደግሞ የራሱ ነገር አለው። በእኛ አገር ብዙ ስም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ወላጅ ለእግዚአብሔር፣ ለጎረቤት ወይም ለጠላት የሚልከው መልእክት ነው፤ ልጁ መልእክቱን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ይዞራል። ልጆች የሞቱባት እናት የተረፈውን ቢያድግልኝ ትለዋለች፤ ጸሎት ነው። ማስረሻ የሚባል ልጅ ካያችሁ ከእሱ በፊት የማይረሳ ሐዘን ነበር ማለት ነው። ምትኩ የሌላ ምትክ ነው። የሰውዘር የምትባል ሴት «የጨዋ ዘር» ተብላ ይሁን፣ «ነገ ለሌላ ሰው የምትሄድ» ተብላ ይሁን፣ ስሙን ያወጣው ያውቃል። «ሰው» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይችላል፤ የሰው ገንዘብ ስንል የሌላ ገንዘብ ማለታችን አይደለም?

ደመላሽን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ደም መላሽ ነው። አባት ተገድሎ ልጅ ከተወለደ በኋላ እንዲህ ተብሎ ሲሰየም ገዳይ ወገን ትርጉም አይጠይቅም ነበር። ልጁ ገና አልዳኸም፤ ነገር ግን ስሙ በገበያው መካከል በተጠራ ቁጥር ማስፈራሪያ ይሆናል። በእርግጥ ዛሬ ደመላሽ የሚባሉ ብዙ ሰዎች ስማቸው ደስ ስላለ ብቻ ከሌላ የተወሰደ ነው፤ ማንንም አያስፈራሩም፤ አንዳንዱ መምህር ነው፣ አንዳንዱ የከብት ሐኪም። ቃሉ ግን ውስጡ ያለውን ይዞ ነው የሚኖረው።

ካሳ የሚለው ስም ከዚህ ጋር አብሮ ይታያል። ካሳ አንደኛ፣ በሞተው ልጅ ፋንታ እግዚአብሔር የሰጠው ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ገዳይ ወገን ለሟች ወገን የሚከፍለው ነው። አንድ መንደር ደም ከፈሰሰበት በኋላ ደመላሽንም ካሳንም በአፉ ሊያገኝ ይችላል። ካሳ በታሪክም ትልቅ ስም ነው። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ። ቴዎድሮስ በግሪክ ቋንቋ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው፤ ስሙን የመረጡት ግን ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት ስለ ነበረ ነው። ስሙ ራሱ «እኔ ነኝ ያ የተነገረለት» የሚል አዋጅ ነበር። የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ትእዛዝ ነው፤ የሚጠራቸው ሁሉ «ታጠቅ!» እያለ ነው። በጥር 1864 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስም ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሳ ነበር። ሁለት ካሳዎች በአንድ ዘመን ዘውድ ጫኑ።

አሁን ወደ ፊደላችሁ እንመለስ። ከዚህ በላይ ያልናቸው ሁሉ በጆሮ የሚኖሩ ነገሮች ናቸው። ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በጆሮ የሚደበቀው በወረቀት የሚገለጥበት ጊዜ አለ፤ በጆሮ የሚገለጠው ደግሞ በወረቀት ይደበቃል።

መጀመሪያ ወረቀት የሚገልጠውን እንይ። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩትን የፎገራውን ሊቅ አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ የለም። ሕዝቡ የሌላውንም ሰው ቀልድ ሁሉ ለእሳቸው ሰጥቷቸዋል፤ እውነቱን ከተረቱ መለየት ያስቸግራል። እንዲህ ይባላል። አለቃ በሰው ቤት ሲበሉ ወጡ ውስጥ አይጥ ገብቶ ኖሮ አዩ። ሴትዮዋ «ወጡ እንዴት ነው አለቃ?» ስትላቸው «አይጠገብ ነው!» አሉ። እሷ አመሰገነች። እሳቸው ግን «አይጠ ገብ ነው» ማለታቸው ነበር። በአፍ ሲባል ድምፁ ጠበቅ ላላ ይላል እንጂ ለጆሮ አንድ ነው፤ ሲጻፍ ግን በመካከሉ ባዶ ቦታ ገብቶ አይጡን ያወጣዋል። ድሮ በብራና ላይ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ይደረግ ነበር፤ ዛሬ ባዶ ቦታ እንተዋለን። ባዶ ቦታ ምንም አይደለም አትበሉ። አንድ ጊደር ጠፍታ «የነዳት አንተ ነህ» የሚል ወረቀት ከመጣ ተከሳሹ ወረቀቱን የያዘው ሰው ነው። «የነዳት አንተነህ» ከሆነ ግን ተከሳሹ አንተነህ የሚባል ሌላ ሰው ነው። ጸሐፊው ክፍተቱን ቢዘነጋ ጊደሪቱ ከአንዱ በረት ወደ ሌላው ትገባለች።

ወረቀት የሚለየው ሌላም አለ። «ሰ» ሁለት የሆነው፣ «ሀ» ሦስት የሆነው ለምንድን ነው እያላችሁ መምህራችሁን ታስቸግራላችሁ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል። በግዕዝ ግን ትርጉም ይለያሉ። «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባ ሠራው፤ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። ምሥራቅ የምንለው ከዚህ ይመጣል። «መሀረ» አስተማረ ነው፤ «መሐረ» ይቅር አለ ነው። ባለ ቅኔዎች በእነዚህ ሲጫወቱ ኖረዋል። አስተማሪ ቢገርፍ ከሁለቱ አንዱን ረስቷል ማለት ነው!

ወረቀት የሚደብቀው ግን ይበልጥ ያሳስበናል። ፊደላችን ቃል ሲጠብቅና ሲላላ አያሳይም። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ከፊደሉ በላይ ነጥብ ያደርጋሉ፤ በተራ ጽሑፍ ላይ ግን አታገኙትም። «ዋና» ብለን ብንጽፍ በወንዝ የሚዋኘው ነው ወይስ የነገር ዋና? «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ነው ወይስ ያልጠበበው? «ሽፍታ» ጫካ የገባው ነው ወይስ በሕፃኑ ገላ ላይ የወጣው? «ይበላል» ስንል ሰውየው ይበላል ነው ወይስ ምግቡ? አንዳንዶቻችሁ ስታነቡ በእንዲህ ያለ ቃል ላይ ትቆማላችሁ፤ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ፤ ከዚያም «እኔ ዱሮም አይገባኝ» ብላችሁ ደብተሩን ትዘጋላችሁ። እንደዚያ አይደለም። ከቃሉ ላይ መቆማችሁ ሁለት ትርጉም ስላያችሁ ነው። ሃምሳ ዓመት ያነበበ ሰውም ይቆማል፤ ፈጥኖ ስለሚወስን ነው ቆሞ የማይታያችሁ።

ይህ ነገር በተረት ላይ ሲሆን ያስቃል። በሰነድ ላይ ሲሆን ግን ሰው ያሳስራል። በሶ የበላውን አበበን ከፊደል ገበታ ታውቁታላችሁ። ይህን የምስክር ቃል አንብቡ፤

«እኛ ከቦታው ስንደርስ አበበ በዱላ ይመታ ነበር።»

«ይመታ»ን አላልታችሁ ካነበባችሁት አበበ ሰው ይደበድባል። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ሌሎች አበበን ይደበድቡታል። በአንዱ ንባብ አበበ ወንጀለኛ ነው፤ በሌላው ተበዳይ ነው። ፊደሎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድም ስሕተት የለባቸውም። ምስክሩ በሽማግሌዎች ፊት በአፉ ቢናገር ኖሮ ማንም አይጠራጠርም ነበር፤ ጆሮ ይለየዋል። ወረቀት ላይ ከሰፈረና ምስክሩ ቢሞት ወይም አገር ቢለቅ ግን ያነበበው ሰው እንደ ወደደው ይሆናል።

ሌላም እንጨምር። በብድር ደብተር ላይ «የአበበ ዕዳ ሦስት ቁና ጤፍ አለ» ተብሎ ተጽፏል። «አለ» ሲጠብቅ ዕዳው መኖሩ ነው። ሲላላ ግን አበበ «ሦስት ቁና ነው» ብሎ ተናገረ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ የአንድ ሰው አፍ ነው እንጂ የተቆጠረ ዕዳ አይደለም። አበዳሪው አምስት ቁና ነው የሚል ከሆነ ክርክሩ ከዚህች ከአንዲት ቃል ላይ ይነሣል።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ዘመቻው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ፊደል የማያውቅ ሰው በማያነበው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ያኖር ነበር። ሌላው ያነብለታል፤ እሱ ይሰማል፤ ያነበበው ሰው አላልቶ ይሁን አጥብቆ ማንበቡ የአንባቢው ፈንታ ነበር። ዛሬ ጣቱን ወይም ፊርማውን የሚያኖረው ሰው ራሱ ማንበብ ከቻለ፣ ይህን ሥልጣን ከአንባቢው ላይ ወስዶታል ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀት ሲቀርብላችሁ በሁለቱም መንገድ አንብቡት፤ ሁለቱም የሚያስኬድ ከሆነ አትፈርሙ፤ ጸሐፊውን ሌላ አድርገህ ጻፈው በሉት። «አበበ ሰውየውን ይመታ ነበር» ወይም «አበበን ይመቱት ነበር» ተብሎ ይጻፍ። «ዕዳ አለበት» ወይም «ዕዳዬ ይህን ያህል ነው ሲል ተናገረ» ይባል። ጸሐፊው ቢያጉረመርም ያጉርምርም፤ ቀለሙ ብዙ አይጨምርበትም።

ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ስለ አማራ ባህል ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰይሞታል። ሁለት ወገን ያለው አነጋገር ለግጥምና ለኑሮ ብልሃት ይጠቅማል፤ ለዘመናዊ አስተዳደር ግን እንቅፋት ይሆናል ይላል። በመጽሐፉ ሁሉ አንስማማም፤ ገበሬው ሲፈልግ ግልጽ መናገር እንደሚችል በፍርድ ሸንጎ የዋለ ሁሉ ያውቃል። በሰነድ ጉዳይ ግን ትክክል ብሏል። ሰምና ወርቅ በሠርግ ቤት ያምራል፤ በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ሰሙ ይቅርብን።

ለዛሬ ይበቃናል። ለመለማመጃ ሁለት ስንኝ እንተውላችሁ፤ እሱንም የገጠምነው እኛው ነን። ልጇ ለሥራ ወደ መተማ ወርዶ የቀረባት እናት ናት የምትናገረው። ኅብሩ የትኛው ቃል እንደሆነ ፈልጉት። አንዱ አላልቶ፣ ሌላው አጥብቆ ያንብበው፤ የቀራችሁት አዳምጡ፤ እናትየዋ የቱን እንዳለች ተከራከሩበት።

የልጄ ቀጠሮ መች ነው ብለው ቢሉ፣
ገና ነው እላለሁ ለጠየቁኝ ሁሉ።